ሦስተኛው ሹራብ

«ሁለቱ ይበቃሉ ወይስ ሦስተኛውንም ልደርብ?» አለ ኤሌማ ከመጋረጃው ወዲያ።

ሞያሌ ላይ በየካቲት፣ ያውም ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የጣሪያው ቆርቆሮ በሙቀት መንጣጣት በሚጀምርበት ቅዳሜ፣ ጤነኛ ሰው ካናቴራ እንኳ የሚለብሰው ለይሉኝታ ብሎ ነው። ጆይስ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ታስር ነበር። አባቷ የሚያወራው ስለ ሹራብ መሆኑ ሲገባት ክሩ እጇ ላይ ቀረ። እናቷ እታለማሁ ዋጋ እንደሚከራከር ደንበኛ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ክንድህ አሁንም ያስታውቃል። ጨምር፤ ቱታው ከላይ ይሸፍነዋል» አለችው። ከዚያ ወዲያ ዝም ተባባሉ። ጆይስ በአሥራ አምስት ዓመት ዕድሜዋ ከእናትና አባቷ ወሬ ይልቅ ዝምታቸውን ነው በደንብ ያጠናችው። ትምህርት ቤት በዝምታ የሚፈትን ቢሆን አንደኛ ትወጣ ነበር፤ በሒሳብ ግን አስተማሪዋ ራሱ ተስፋ ከቆረጠ ሁለት ዓመቱ ነው።

ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። መጋረጃው ለሁለት ይከፍላታል። ወዲህ የጆይስ አልጋ፣ የቦሎቄ ጆንያና የሳሙና ካርቶን፤ ወዲያ የባልና ሚስቱ አልጋ፣ ከአልጋው ሥር ደግሞ አንድ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ። ቆርቆሮው ባዶ ነው የሚባለው ለእንግዳ ነው። ውስጡ ከሶሎሎ ሆስፒታል የመጡ የክኒን ፖስታዎች አሉ። ኤሌማ በወር አንድ ቀን «እህቴን ልይ» እያለ በጭነት መኪና ሶሎሎ ይሄዳል። ጆይስ ይህችን አክስቷን አንድም ቀን አይታት አታውቅም፤ አክስት ሆና ለወንድሟ ልጅ ከረሜላ የማትልክ ሰው ደግሞ በዚህ አገር አልተፈጠረችም። ስለዚህ ጆይስ ቆርቆሮውን ከፈተች፤ ፖስታው ላይ የተጻፈውን እንግሊዝኛ፣ ከነአባቷ ስም፣ አንብባ መልሳ ከደነች። ይህ የሆነው በገና ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ እሷም ዝም አለች፤ ቤቱ ውስጥ ዝም የሚሉት ሰዎች ሦስት ሆኑ።

ኤሌማ በኬንያ ጦር ካምፕ የወጥ ቤት ኮፕሎ፣ ማለትም አሥር አለቃ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለወታደር ኡጋሊ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ አገላብጧል። ድሮ በሱቁ በር ሲገባ ጎኑን አዙሮ ነበር፤ አሁን ከነጆንያው ቀጥ ብሎ ይገባል። ካምፑ ውስጥ ክሊኒክ አለ፤ ግን እዚያ የታየ ሰው ይጻፋል፣ የተጻፈው የአዛዡ የሜጀሩ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ቦርድ ነው። ቦርድ ማለት ዩኒፎርምህን አስረክበህ፣ እጅህን ተጨብጠህ፣ ወደ ቤትህ መሄድ ነው። ኤሌማ ይህን እንደሚፈራው ሞትን የሚፈራ አይመስልም ነበር።

ያ ቀን ደግሞ የገመድ ቀን ነበር። ወዲህ በኬንያ በኩል 2006፣ ወዲያ በኢትዮጵያ በኩል ገና 1998፤ ዓመቱ ከብቱን በድርቅ የጨረሰበት። ቢሆንም በየዓመቱ የካምፑ ሰዎች ለጨዋታ ያህል ገመድ ይጓተታሉ፣ ያም ዓመት አልቀረም። በአንድ ወገን ወጥ ቤትና መጋዘን፣ በሌላ ወገን ሾፌሮች፤ ስምንት በስምንት። የተሸነፈ ሽርጥ ታጥቆ ላሸነፈውና ለቤተሰቡ ሁሉ ምሳ ያቀርባል፣ ድስት ያጥባል፣ እስከሚቀጥለው ዓመትም ይሰደባል። ሕጉ አንድ ነው። የስምንቱ ሰዎች ክብደት ተደምሮ ከስድስት መቶ አርባ ኪሎ መብለጥ የለበትም። ማነስ ይቻላል፤ ያነሰ እግዜር ይርዳው። የሚመዘኑትም በእታለማሁ ሚዛን ነው፤ የመጋዘኑን ሚዛን ሾፌሮቹ ስለማያምኑት። ከገበያው እስከ ሄሉ ሰፈር ድረስ «የእታለማሁ ሚዛን» ከተባለ ጭቅጭቅ የለም። ቡራኬ ያለው ይመስል፣ ሌላ ሱቅ ስኳር የገዛች ሴት እንኳ እሷ ጋ መጥታ ታስመዝናለች።

ገመዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ከሁሉ ኋላ የሚቆመውን ሰው ወታደሮቹ «ናንጋ» ይሉታል፣ መልሕቅ ማለታቸው ነው። ናንጋ የቡድኑ ከባዱ ሰው ነው። ስድስት ዓመት የወጥ ቤቱ ናንጋ ኤሌማ ነበር። ሹራቡን ሁሉ የሚደርበው ዘንድሮም እሱ ናንጋ ስለሆነ ነው። ለዓይን ሹራብ ይበቃል፤ ሚዛን ግን በሹራብ አይታለልም። ጆይስን ሦስት ሌሊት እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነበር። አምና ጸሐፊው የእያንዳንዱን ኪሎ ጮክ ብሎ ሲጠራ፣ አባቷ ላይ ሲደርስ «ዘጠና አራት» ብሎ ነበር፤ ሜዳው በሙሉ አጨብጭቧል። ዘንድሮ ያው አፍ፣ በእሷ ግምት፣ «ስልሳ ሦስት» ሲል ታያት።

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት እናቷ ገበያ ስትሄድ ሚዛኑ ላይ ወጣች። ከሚዛኑ ክንድ ጫፍ ላይ፣ ባዶውን ዜሮ ላይ የሚያስተካክል ብሎን አለ። ብሎኑን እያዞረች ራሷን መዘነች። አራት ዙር ስታዞረው አርባ አራት ኪሎዋ ልጅ አምሳ ሁለት ሆነች። ስምንት ኪሎ በአራት ዙር። ከገበያዋ ነጋዴ ካልቱማ ጋር ሳምንት ተከራክራ አምስት ሺሊንግ ያላስቀነሰች ልጅ፣ በአንድ ደቂቃ ስምንት ኪሎ አተረፈች። ስልሳ ሦስት ሰባ አንድ ይሆናል፤ ሰባ አንድ ደግሞ «ትንሽ ከስቷል» የሚባል ሰው እንጂ የታመመ ሰው አይደለም። ብሎኑን ወደ ቦታው መልሳ በሩን ከፈተች፤ ለራሷም በጣም ብልህ መስላ ታየቻት።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ሚዛኑን በአህያ ጋሪ ጭነው ወደ ካምፑ ሜዳ ወጡ። ኤሌማ ከጋሪው ፊት ፊት ሄደ፤ ላቡ በአንገቱ እየወረደ፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ሰላም እያለ። ሜዳው ዳር ድንኳን ተተክሏል፣ ሚስቶችና ልጆች ተሰብስበዋል፣ ከድንኳኑ ኋላ ሦስት ፍየል ታስሯል። እታለማሁ ሚዛኑን ደልዳላ ቦታ አስቀምጣ ራሷ አስተካከለችው፤ ተነስቶ የተጓዘ ሚዛን በደረሰበት ካልተስተካከለ አይታመንም ትላለች። ከዚያ ጆይስን አቧራ እንድትጠርግ አጠገቡ አቁማ፣ ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች።

መጀመሪያ ሾፌሮቹ ተመዘኑ። ጸሐፊው ኪሎውን እየጠራ፣ ሰዉ እየሳቀ። የሾፌሮቹ ናንጋ ብራያን የሚባል ሳጅን ነው፤ እሱ ሲወጣ ሚዛኑ ጮኸ፣ አንዷ ሴት «ሚዛኑን ካሳ ክፈል» አለችው፣ እሱም ሆዱን እየመታ ይህ የመንግሥት ንብረት ነው አለ። ድምር ስድስት መቶ ሠላሳ ስምንት። አለፉ። ቀጥሎ የወጥ ቤቶቹ ተራ ሲሆን የቡድኑ አለቃ ዴኒስ ጸሐፊውን በጆሮው አንድ ነገር አለው። ዴኒስ የመጋዘን ሰው ነው፤ ከኤሌማ ጋር አንድ ቀን ተቀጥረው፣ አንድ ክፍል አድረው፣ እርስ በርሳቸው የልጅ ስም ያወጡ ናቸው። ጸሐፊው ራሱን ነቀነቀና፣ ሰዓት እየሄደ ስለሆነ ድምሩን ብቻ እጠራለሁ አለ። ጆይስ ሰምታዋለች፤ ግን ልቧ ብሎኑ ላይ ስለነበር የሰማችው ነገር ወደ ውስጥ አልገባም። ሰባቱ ሰዎች አንድ በአንድ ወጥተው ወረዱ። ናንጋ በልማድ መጨረሻ ነው የሚመዘነው። አባቷ ሊወጣ ሲል ጆይስ አቧራ የምትጠርግ መስላ ጎንበስ አለችና ብሎኑን አራት ዙር አዞረችው።

ኤሌማ ወጣ፣ ወረደ። ጸሐፊው ደብተሩ ላይ ደመረ፣ እንደገና ደመረ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ስድስት መቶ አርባ ስድስት አለ። ስድስት ኪሎ በለጣችሁ።

ጆይስ ያን ጊዜ ዴኒስን አየችው። ፊቱ ሌባ ቤቱ የገባበት ሰው ፊት ነበር። «አይሆንም» አለ በስዋሂሊ፣ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ራሴ ነው ያሰላሁት፣ ሁለት ይቀረዋል እንጂ።» ለካ ዴኒስ ከድሮም ያውቃል። ከኤሌማ ላይ የጎደለውን በዓይኑ ለክቶ፣ ያንን ያህል ይሞላል ብሎ ሁለት ወፍራም ምልምሎች ቡድኑ ውስጥ አስገብቷል፤ ኪሎው እንዳይጠራ ጸሐፊውን የለመነውም እሱ ነው። ጓደኛው ሳይሰማ፣ ማንም ሳያውቅ፣ በመጋዘን ሰው አቆጣጠር ሁሉን አዘጋጅቶ ጨርሶ ነበር። ጆይስ እጇን ባታስገባ ኖሮ አባቷ በስድስት መቶ ሠላሳ ስምንት አልፎ ገመዱን ይጠመጥም ነበር። በሒሳብ ተስፋ የተቆረጠባት ልጅ ስለ አባቷ ቁጥር ብቻ አሰበች እንጂ የስምንቱን ድምር አላሰበችም።

ከበለጡ ደግሞ ልማድ አለ። ናንጋው ይላጣል። ከሁለት ዓመት በፊት ብራያንን ልጠውት ነበር፤ ቱታውን፣ ካልሲውን፣ ቀለበቱን ሳይቀር አውልቀው በቁምጣ ሲመዝኑት ጆይስ በሳቅ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ልማዱን ረስታው አይደለም፤ ከአባቷ ጋር ግን አላገናኘችውም። አሁን ሜዳው በሙሉ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ይላጥ፣ ይላጥ እያለ፣ ልጆቹ በስዋሂሊ፣ ሴቶቹ በኦሮምኛም በአማርኛም። ዴኒስ ተዉት፣ በሰባት ሰው እንጎትታለን አለ። አልሰሙትም፤ ጨዋታ መሰላቸው። ኤሌማ እየሳቀ፣ ያ ሳቅ ከሆነ፣ የቱታውን ዚፕ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። ብራያን ከኋላው መጥቶ አቀፈውና፣ «ባባ ጆይስ፣ የኔን ቀን ረሳህ እንዴ? ዛሬ ቂሜን እወጣለሁ» እያለ ቱታውን ገፈፈው።

ከሥሩ ሹራብ ሲወጣ ሳቁ በረታ። አንዱ ሾፌር፣ ኮፕሎ ናይሮቢ ነው ወይ ያለኸው ብሎ ጠየቀ። ያ ሹራብ ወልቆ ሌላ ሹራብ ሲወጣ የሳቁት ግማሾቹ ናቸው። እሱ ወልቆ ሦስተኛው ሲወጣ ልጆች ብቻ ሳቁ፤ እነሱንም እናቶቻቸው በክንዳቸው ጎሰሟቸው። የብራያን እጅ አየር ላይ ቆመ። አሁን እሱም ያቀፈው ነገር ምን ያህል እንደሆነ በክንዱ አውቆታል። ጆይስ አፏን ከፈተች። ሚዛኑ ነው፣ እኔ ነኝ ያዛባሁት፣ አልብሱት ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት፤ ይህ ምላስ፣ በሌላ ቀን አስተማሪና ደላላ የማይችለው ምላስ፣ ላንቃዋ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ኤሌማ ወደ ብራያን ዞሮ፣ «ከጀመርክማ ምን ያቆምሃል?» አለውና ሦስተኛውን ሹራብ በገዛ እጁ አውልቆ ሚዛኑ ላይ ወጣ።

ነፋሱ የድንኳኑን ሸራ ሲመታ ይሰማ ነበር። አጥንቱ ይቆጠራል። በጎኑ በኩል ያለው ቆዳ ትርፍ ሆኖ እንደ ባዶ ጆንያ ተሸብሽቧል። ጸሐፊው ሚዛኑን አይቶ፣ ሰውየውን አይቶ፣ እንደገና ሚዛኑን አየ። ስልሳ ስምንት ይላል። ድምሩ አሁንም ይበልጣል። ይህ ሰው ስልሳ ስምንት ኪሎ አለመሆኑን ግን ሜዳው ላይ ያለ ሕፃን ሁሉ ያየው ነው።

እታለማሁ ከድንኳኑ ወጣች። ማንንም ሳታይ ቀጥ ብላ መጥታ ጎንበስ አለችና ብሎኑን አየች። ከዚያ ጆይስን አየቻት። ጆይስ ከእናቷ ዝምታዎች ሁሉ ይህኛውን አታውቀውም ነበር። እናቷ ቀና ብላ፣ ሱቋ ስኳር የሚያስመዝኑት ሴቶች ሁሉ እየሰሙ፣ «ሚዛኑ ተዛብቷል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳላይ ነው ያመጣሁት» አለች። ከሴቶቹ መሐል ካልቱማ ምላሷን በላንቃዋ መታች። እታለማሁ ብሎኑን አራት ዙር መለሰችው፤ ስንት ዙር እንደሆነ ሳትጠይቅ። ባሏ ስልሳ ሆነ። ጸሐፊው የወጥ ቤቱን ድምር ስድስት መቶ ሠላሳ አምስት ብሎ ጻፈና፣ አልፈዋል አለ፤ ድምፁ ግን ሲጠራ ሳይሆን ይቅርታ ሲጠይቅ ይመስል ነበር።

ሜጀሩ ከወንበሩ ተነስቶ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። ኤሌማን በትከሻው ያዘው፣ ያዘውና የያዘውን ነገር ሲያውቅ እጁን አላላ፤ ዛሬ ብታርፍ አይሻልም ወይ፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ክሊኒክ ብቅ በል አለው። ሁሉም ነገር ያችን ሰኞ እንዳትመጣ ነበር፤ ይኸው መጣች፣ ያውም በደግ ሰው አፍ። ኤሌማ ካናቴራውን ብቻ መልሶ ለበሰ። «ሰኞ እመጣለሁ አፋንዴ» አለ፣ «ዛሬ ግን ናንጋ እኔ ነኝ።» ከዚያ ገመዱን አንስቶ ወገቡ ላይ ጠመጠመ። አንድ ዙር የሚበቃው ገመድ ሁለት ዙር ዞረው።

ፊሽካ ተነፋ። ጆይስ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። ወጥ ቤቶቹ ጎተቱ፤ ሾፌሮቹ ትንሽ ተንገዳገዱ፣ ከዚያ ገመዱ እየተሳበ መጣ፣ እነዚያ ግዙፍ ሰዎችም እያጓሩ እንደ ጎማ እየተንከባለሉ መስመሩን አለፉ። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያውም ፈጠነ። ዴኒስ ጮኸ፣ ሁሉም ጮኸ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ከወትሮው በላይ እልል አሉ። ጆይስም ልትጮህ ስትል ዓይኗ መሬቱ ላይ አረፈ። አምና ያንን ሜዳ የሾፌሮቹ ተረከዝ እንደ ማረሻ አርሶት ነበር፤ ፍየሎቹ እንኳ ቦዩን እየዘለሉ ነው ያለፉት። ዘንድሮ ብራያን የቆመበት ቦታ ላይ ያለው የጫማ ዱካ ብቻ ነው፤ ገበያ የሚሄድ ሰው ዱካ።

ምሳውን ሾፌሮቹ አቀረቡ። ሽርጣቸውን ታጥቀው፣ እየተሰደቡ፣ ቀልዱን እያበዙት። ብራያን ትልቁን ሥጋ መርጦ ለኤሌማ መጀመሪያ ሰጠው። በሁለት እጁ ሰጠው፣ ጎንበስ ብሎ፣ ለሽማግሌ እንደሚሰጥ። አምና ይኸው ብራያን አሸንፎ ድስት ሲያሳጥበው ፊቱ ላይ የዕቃ ውኃ ደፍቶበታል፤ ኤሌማ ያን ወሬ ዓመቱን ሙሉ ለቤት ሰው እየደጋገመ ሲስቅ ከርሟል። አሁን አሳንቴ ብሎ አመስግኖ ሳህኑን ተቀበለ። ጓደኞቹ አንዱ ውኃ፣ አንዱ ወንበር፣ አንዱ ትራስ አመጡለት። ማንም አልሰደበውም። ከሥጋው አንድ ጉርሻ በላና ቀሪውን ለጆይስ አሳለፈላት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሚዛኑን ጭነው ቁልቁል ወረዱ። እታለማሁ አህያውን እየነዳች ቀደመች፤ ጀርባዋን ሰጥታቸው፣ አንድም ጊዜ ሳትዞር። ሦስቱ ሹራቦች ጋሪው ላይ ታጥፈዋል። ጆይስ ካባቷ ጎን ሄደች፣ እርምጃዋን ለእሱ እያሳጠረች። ከተማው መግቢያ ላይ ሲደርሱ፣ «አባዬ፣ ብሎኑን…» ብላ ጀመረች።

«አውቃለሁ» አላት። «እናትሽ ሚዛን አታዛባም።» ቁጣ የለበትም። ትንሽ ሄዱ። የጭነት መኪና አቧራውን አልብሷቸው አለፈ፤ አቧራው እስኪወርድ ጠበቀና፣ «አልጎተቱም» አለ።

«ማን?»

«ገመዱ ወገቤን አንዴ እንኳ አልያዘኝም፣ ጆይሴ። ስድስት ዓመት አውቀዋለሁ። ዛሬ ማንም ወዲያ ጫፍ አልነበረም።»

አባቷ ቆመና ሁለት እጁን ዘርግቶ መዳፉን አሳያት። አምና ከጨዋታው ማግስት ያ መዳፍ ተልጦ፣ ለሳምንት ማንኪያ እንኳ መያዝ አቅቶት፣ እናቷ በቫዝሊን ስታሸው ሰንብታለች። ጆይስ ቀኝ እጁን በሁለት እጇ ያዘች፣ ወዲያና ወዲህ አገላብጣ አየችው። ንጹሕ ነው። ልታጽናናው ፈለገች፣ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ደግ ነገር ልትሠራ ፈልጋ አልሆነላትም ነበርና አሁን አገኘሁ መሰላት።

«ደህና ነው እኮ፣ አባዬ» አለችው። «ምንም አልሆነም።»

እዚያ፣ ሰው በሚያልፍበት መንገድ ላይ፣ እጁ በእጇ እንዳለ፣ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።